የአፓላቺያን ትሬይል መነሻ ላይ ድንኳን ፍለጋ

የአፓላቺያን ትሬይል የሚባለው የአሜሪካ የእግር መንገድ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 14 ስቴቶችን ያቋርጣል። ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳር እስከ ዳር የሚሄድ ሰው አምስት፣ ስድስት ወር ይፈጅበታል። እኔና ታላቅ እህቴ የመጣነው ግን ለመጀመሪያዋ ቁራጭ ብቻ ነው። ከአሚካሎላ ፏፏቴ ተነስተን፣ ዋናው መንገድ የሚጀምርበትን ስፕሪንገር ተራራን ወጥተን፣ ሃይታወር ጋፕ ድረስ። እህቴ በሚመጣው ዓመት ሙሉውን መንገድ ልትሄደው ቆርጣለች። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የት እንደምታድር ደግሞ ከካርታ ላይ ሳይሆን በዓይኗ አይታ መወሰን ፈለገች። እኔ አጃቢ ነኝ።

ስለ መነሻው ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ወደ ሰሜን ከሚጓዙት አብዛኞቹ የሚነሱት በማርችና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ሁሉም ከባድ ሸክም ይዘዋል። እግራቸው ገና አልለመደም። በመጀመሪያው ቀን ብዙ መሄድ የሚችል ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁሉም እነዚያው ጥቂት መጠለያዎች ጋ ይገናኛሉ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ሰው ይበታተናል፤ ግማሹ ይፈጥናል፣ ግማሹ ይዘገያል፣ ትቶ የሚመለስም አለ። መነሻው ላይ ግን ግፊያው አንድ ቦታ ነው።

ደኑ ሰፊ ነው። ችግሩ መንገዱ የሚሄደው በሸንተረር ላይ መሆኑ ነው። ሜዳ የሆነ፣ ውሃ የሚቀርበው፣ ከላዩ የደረቀ ዛፍ የሌለበት መሬት ብዙ አይገኝም። እኛ የፈለግነው እንዲህ ያለውን ነው። መጠለያ የለው፣ መጸዳጃ የለው፣ ጠረጴዛ የለው፤ ድንኳን ብቻ የሚተከልበት ባዶ ቦታ።

ሐሙስ፤ ከአሚካሎላ ወደ ፍሮስቲ ማውንቴን

የፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል ደጅ ላይ የሸክም ሚዛን ተንጠልጥሏል። መንገደኛው ሁሉ ባክፓኩን ሰቅሎ ይመዝናል። ከማዕከሉ ጀርባ ረጅሙን መንገድ ለሚጀምሩ ሰዎች የተተወ መጠለያ አለ። ሌላው ጎብኚ በፓርኩ ክልል ውስጥ ደስ ባለው ቦታ ድንኳን መዘርጋት አይችልም። የተመደበ ካምፕ አለ፤ እዚያ ከፍሎ ያድራል።

ይህን ማወቅ የግድ ነው። አሚካሎላ የስቴት ፓርክ ነው። ድንበሩን ሲያልፉ ያለው ደግሞ ቻታሁቺ ብሔራዊ ደን ነው። ካርታው ላይ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ ህጋቸው ግን ለየቅል ነው። በብሔራዊ ደኑ ውስጥ በዚህ የመንገዱ ክፍል ለማደር ፈቃድ አያስፈልግም፣ ክፍያም የለም። ስለዚህ በባዶ ቦታ ማደር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነገር ድንበሩ የት ጋ እንደሚያልቅ ነው።

ፏፏቴው 222 ሜትር ይወርዳል። በጎኑ 604 ደረጃዎች አሉ። ሸክም ይዞ ደረጃ መውጣት እግርን ወዲያው ያዝላል። ቢሆንም ቀስ ብለን ወጣነው። እህቴ በየእረፍቱ ባትሪና ማጣሪያ፣ ገመድና ካርታ የት ኪስ ውስጥ እንዳለ ትደጋግም ነበር። ሲመሽ እጇ ብቻውን እንዲያገኘው ነው።

ከፏፏቴው በላይ መንገዱ ሰማያዊ ምልክት ይከተላል። ከማዕከሉ እስከ ስፕሪንገር ጫፍ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ይህ ርቀት በዋናው መንገድ ውስጥ አይቆጠርም፤ መዳረሻ ብቻ ነው። ድካሙን የማይፈልግ ሰው በደን መንገድ ቁጥር 42 በመኪና መጥቶ ከስፕሪንገር ጫፍ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ማቆም ይችላል። እኔ ግን መዳረሻውን በእግር መሄዱን እመርጣለሁ። ምክንያቴ የማደሪያ ጉዳይ ነው። በመኪና ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ሰው በዚያው ቀን ስፕሪንገር መጠለያ ላይ ይወድቃል፤ ሰው የሚበዛበት ደግሞ እዚያ ነው። ከአሚካሎላ የሚነሳ ሰው መሃል ላይ የሚያድርበት ምርጫ አለው።

የእኛ ምርጫ ፍሮስቲ ማውንቴን ሆነ። ከመንገዱ ግማሽ አለፍ ብሎ የሚገኝ ነው። እዚያ ያለው ምንጭ የማይታመን ስለሆነ ውሃችንን ከታች ሞልተን ተሸከምን። ይህ ሸክም ይጨምራል፤ ነገር ግን ከቦታው ውሃ ካልጠበቁ ነፃነት ይሰጣል። ሰው የሚሰበሰበው ውሃ አጠገብ ነው። ለማታና ለጠዋት የሚበቃ ውሃ የያዘ ሰው ሸንተረር ላይ ብቻውን ማደር ይችላል።

ቦታው ላይ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። እህቴ ሻንጣዋን አወረደች እንጂ ድንኳኑን አላወጣችም። መጀመሪያ ቀና ብላ ዛፎቹን አየች።

«አንተ፣ ያችን ዛፍ እያት እስቲ» አለችኝ።

ቆሞ የደረቀ ዛፍ ነው። ቅርፊቱ ረግፏል፤ አናቱ ላይ የተሰበረ ቅርንጫፍ ሌላው ላይ ተደግፎ ቀርቷል። ነፋስ ሲመጣ የሚወድቀው እንዲህ ያለው ነው። ማርች ላይ ዛፎቹ ቅጠል ስለሌላቸው የሞተውንና በሕይወት ያለውን መለየት ይከብዳል። መታየት ያለበት ቅርፊቱ ነው፣ ቀጫጭኖቹ ጫፎች መኖራቸውም ነው። በሕይወት ያለ ዛፍ ጫፉ ላይ እምቡጥ ይዟል። የሞተው ጫፉ ተቆርጦ የቀረ ጉቶ ብቻ ነው። ከዚያ ዛፍ ቁመት በላይ ርቀን ሄድን።

ቀጥላ ተንበርክካ የወደቀውን ቅጠል በእጇ ገለል አደረገችው። ከሥሩ ያለው አፈር ጠንካራ ከሆነ ሰው አድሮበታል ማለት ነው። ቅጠሉ በአንድ ወገን ተጠርጎ ከተከመረ፣ ደቃቅ አሸዋም መስመር ሰርቶ ከተገኘ፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ የሚያልፈው በዚያ ነው። ደግሞ ብዙ የታደረበት መሬት መሃሉ ይጎደጉዳል። ተረግጦ ስለጠነከረ ውሃ አይመጥም። ሰማይ ጠርቶ ሲታይ ያ ጎድጓዳ ከሁሉም የተመቸ ይመስላል፤ ዝናብ ከመጣ ግን ድንኳኑ ኩሬ ውስጥ ነው የሚሆነው። ከዚያው ቦታ ሳይወጡ ወደ ዳሩ ጠጋ ማለት ይሻላል።

በመጨረሻ ባዶ መሬት ላይ ተጋደመች። ጭንቅላቷን ወደ አንድ በኩል፣ ከዚያም ወደ ሌላው አድርጋ ሞከረች። ዳገቱን ዓይን ያታልለዋል፤ ጀርባ ግን ያውቀዋል። የራስጌውን አቅጣጫ ከወሰነች በኋላ ነው ካስማው የተመታው።

አዲስ ቦታ አልከፈትንም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ነገር ነው። ሰው በብዛት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ትክክለኛው ማደሪያ አስቀድሞ የተረገጠው፣ ሳር የማይበቅልበት ባዶ መሬት ነው። እዚያ ላይ አንድ ሌሊት ብንጨምር የሚለወጥ ነገር የለም። ክፉው መሃል ላይ ያለው ነው፤ ሳሩ ጎንበስ ያለ፣ አንድ ሁለት ሰው ያደረበት፣ ገና መበላሸት የጀመረ ቦታ። እርሱን ትተነው ብንሄድ ያገግማል። ብንተኛበት ግን የሚቀጥለው ሰው አይቶ ይተኛበታል፣ ከዚያ ሌላው። በዓመት ውስጥ አዲስ ባዶ መሬት ይሆናል።

እራት ከበላን በኋላ ምግቡን ሰቀልን። በዚህ ደን ውስጥ ጥቁር ድብ አለ። ድንኳን ውስጥ ምግብ ይዞ መተኛት ለሰውም ለድቡም አደጋ ነው፤ የሰው ምግብ የለመደ ድብ መጨረሻው አያምርም። እህቴ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ድንጋይ ጨምራ በገመድ አሰረችና ከድንኳኑ ርቆ ከፍ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ወረወረችው። ገመዱ በቅርንጫፉ ዞሮ ሲወርድ የምግቡን ከረጢት በአንደኛው ጫፍ ላይ በብረት ቀለበት አንጠለጠለችው። ሌላኛውን የገመድ ጫፍ በዚያው ቀለበት ውስጥ አሳልፋ ሳበች። ከረጢቱ ቅርንጫፉ ድረስ ወጣ። ከዚያ እጇ እስከደረሰበት ከፍታ ላይ ገመዱ ላይ አጭር እንጨት አሰረችና ቀስ ብላ ለቀቀችው። እንጨቱ ቀለበቱ ላይ ሲደርስ ያዘው፤ ከረጢቱ አየር ላይ ቀረ። ገመዱ ግንድ ላይ ስላልታሰረ ድብ በጥሶ የሚያወርደው ነገር የለም። ከረጢቱ ከመሬት 4 ሜትር፣ ከግንዱ ደግሞ 2 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ለዚህ የሚሆን ቅርንጫፍ ማግኘት ከሚታሰበው በላይ ጊዜ ይወስዳል። ሲመሽ በባትሪ መፈለጉ ደግሞ ከባድ ነው። በጊዜ መድረስ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር። ነፋሱ ግን ከሸንተረሩ ማዶ ነበርና ብዙም አልነካን።

ዓርብ፤ ስፕሪንገርን አልፎ

በጠዋት ተነስተን ኒምብልዊል ጋፕ ወረድን። ጋፕ የሚሉት ሁለት ተራሮች የሚዋረዱበትን በር ነው። ሜዳ ስለሆነ ለድንኳን ያጓጓል። እኔ ግን በር ላይ መተኛት አልወድም። ነፋስ የሚያልፈው በዚያ ነው። ብዙዎቹም የደን መኪና መንገድ ያቋርጣቸዋል። ኒምብልዊልም እንደዚያው ነው።

ብላክ ጋፕ መጠለያ ከስፕሪንገር ጫፍ 2.4 ኪሎ ሜትር ሲቀር ይገኛል። መጠለያ ሲባል ሦስት ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ ፊቱ ክፍት የሆነ የእንጨት ቤት ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የሚያውቀውም ስፕሪንገር ለመድረስ ቸኩሎ ያልፈዋል። እኛ ስንደርስ ማንም አልነበረም። በዙሪያው ድንኳን የሚተከልባቸው ቦታዎች አሉ። እህቴ ካርታዋ ላይ በእርሳስ አከበበችው።

ከቀትር በፊት ስፕሪንገር ጫፍ ላይ ወጣን። ከፍታው 1,150 ሜትር ገደማ ነው። ጫፉ ላይ ድንጋይ ውስጥ የተተከለ የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ ሻንጣ የተሸከመ መንገደኛ ተቀርጾበታል። የጆርጂያ አፓላቺያን ትሬይል ክለብ በ1934 ያሰራው ነው። መንገዱ ግን ያን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ አልነበረም። ቤንተን ማካይ የተባለው የደን ባለሙያ ሐሳቡን ያቀረበው በ1921 ነው። መንገዱ ዳር እስከ ዳር የተገናኘው በ1937 ነው። ደቡባዊ ጫፉም ከዚህ ራቅ ብሎ የሚገኘው ኦግልቶርፕ ተራራ ነበር። እዚያ ግንባታውና የመኪና መንገዱ እየበዛ ሲመጣ በ1958 መነሻው ወደ ስፕሪንገር ተዛወረ። ስለዚህ ነው ዛሬ ሁሉም ሰው እዚህች ጠባብ ጫፍ ላይ የሚሰበሰበው።

የመጀመሪያው ነጭ ምልክት አለቱ ላይ ተቀብቷል። 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀለም ነው። እስከ ሜይን ድረስ ዛፍና ድንጋይ ላይ የሚያዩት ይህንኑ ነው። እህቴ ጎንበስ ብላ በእጇ ዳሰሰችው። ምንም አልተናገረችም። እኔም ዝም አልኩ።

ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ስፕሪንገር ማውንቴን መጠለያ አለ። ምንጭ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ምግብ የሚሰቀልበት የብረት ገመድም ተዘጋጅቷል። ገና እኩለ ቀን ሆኖ ቦታው ተይዟል። ድንኳኖቹ ተጠጋግተው የአንዱ ገመድ የሌላው ካስማ ላይ ደርሷል። ሰዎቹ ደስ ይላሉ፤ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሜይን ነው። ለመጀመሪያው ቀን ወዳጅ ማፍራት ለሚፈልግ ሰው ክፉ ቦታ አይደለም። መተኛት ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆንም። አፈሩ ተረግጦ የዛፎቹ ሥር ወጥቷል። በመጠለያ ዙሪያ አይጥ አይጠፋም። ብዙ ሰው አንድ መጸዳጃና አንድ ምንጭ ሲጠቀም የሆድ ሕመም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። እጅ በሳሙና መታጠብ እዚህ ዋና ነገር ነው፤ የአልኮል ጄል ለአንዳንዱ የሆድ ቫይረስ እምብዛም አይሰራም።

«እዚህ አላድርም» አለች እህቴ። «እዚህ ውሃ ሞልቼ፣ ምሳ በልቼ አልፋለሁ።»

መንገዱ ከዚህ በኋላ ይወርዳል። ስቶቨር ክሪክ መጠለያ ከጫፉ 4.5 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያም ሰው ነበር፤ ከስፕሪንገር ግን ቀለል ይላል። መጠለያውን አለፍ ብለን ሄድን። ሰው መጠለያ ሲያይ ይቆማል። ከመጠለያው አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ወዲህ ወይም ወዲያ ያለው መሬት ባዶውን ይቀራል። እኛም ከመንገዱ ዘወር ያለ፣ ቀድሞ የታደረበት ንጹህ ቦታ አገኘን። ሁለት ድንኳን በጭንቅ ይይዛል። ይህም ጥሩ ነው። ቦታው ትንሽ ከሆነ ሌላ ሰው አይደረብም።

ጅረቱ ይሰማል፤ አጠገቡ ግን አልተኛንም። ከውሃ 60 ሜትር መራቅ ይመከራል። ይህ ለውሃው ንጽሕና ብቻ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ሸለቆው ግርጌ ይወርዳል። ጅረት ዳር የተተከለ ድንኳን ጠዋት ውስጡ ሁሉ ጤዛ ይሆናል። ጥቂት ሜትር ከፍ ማለት ብዙ ይለውጣል። መጸዳጃ በሌለበት ቦታ የሚቆፈረው ጉድጓድም ከውሃ በዚያው ልክ መራቅ አለበት። ጥልቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ያገለገለው ወረቀት በፕላስቲክ ታሽጎ አብሮ ቢወጣ ከሁሉም ይሻላል።

ቅዳሜ፤ ስሪ ፎርክስና ሃውክ ማውንቴን

የዛሬው መንገድ ያምራል። በጅረቱ ዳር ሮዶደንድረን የሚባለው ቁጥቋጦ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ብሏል። ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። ከርሱ በላይ ሄምሎክ የሚባሉ ጥድ መሰል ረጃጅም ዛፎች አሉ። ብዙዎቹ ግን ሞተዋል። ከእስያ የገባ ደቃቅ ነፍሳት ቅጠላቸው ሥር ተጣብቆ ምግባቸውን እየመጠጠ ጨርሷቸዋል። ያልወደቁት ግራጫ ሆነው ቆመዋል።

ይህ ለማደሪያ ፈላጊ ዋና ነገር ነው። ሄምሎክ የሚወደው እርጥብ ሸለቆና የጅረት ዳር ነው። መንገደኛም የሚወደው ያንኑ ነው። ስለዚህ በጣም የሚያጓጓው ሜዳ ላይ፣ በትክክል ከድንኳኑ በላይ፣ የሞተ ሄምሎክ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። እህቴ ጥላውንና የውሃውን ድምፅ የወደደችውን አንድ ቦታ በዚህ ምክንያት ከካርታዋ ሰረዘች። ከልቧ አዘነች። እኔም አዘንኩ፤ ዛፎቹ ቆመው የሚታዩ መሆናቸው ነው የሚያሳዝነው።

ስሪ ፎርክስ ከስፕሪንገር ጫፍ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ጅረቶች፣ ስቶቨር፣ ቼስተርና ሎንግ ክሪክ ተገናኝተው ኑንቱትላ ክሪክን ይሰራሉ። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ውሃው እንደ ልብ ነው። ካርታ ላይ ሳየው ከሁሉም የተሻለ መስሎኝ ነበር። ግን የደን መኪና መንገድ በአጠገቡ ያልፋል። ቅዳሜ ስለነበር መኪኖች ቆመዋል፣ ቤተሰብ መጥቷል፣ ልጆች ውሃው ውስጥ ይጫወታሉ። ደስ የሚል ቀን ነው ለእነርሱ። ማደሪያ ለሚፈልግ መንገደኛ ግን መኪና የሚደርስበት ቦታ በሳምንት መጨረሻ አይመረጥም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢሆን ሌላ ነገር ነው። እህቴ ካርታዋ ላይ «ሥራ ቀን ብቻ» ብላ ጻፈች።

ሎንግ ክሪክ ፏፏቴን ለማየት ከዋናው መንገድ ትንሽ ዘወር ማለት ብቻ ነው የሚጠይቀው። አይተን፣ ውሃ አጣርተን ቀጠልን።

ከሰዓት በኋላ ሃውክ ማውንቴን ካምፕ ደረስን። ይህ ቦታ ከሁሉም ይበልጥ ያስተማረን ነው። በፊት ሰው ሁሉ የሚያድረው ትንሽ ወደ ፊት ባለው ሃውክ ማውንቴን መጠለያ ነበር። ከስፕሪንገር 13 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን ተስማሚ ነው፤ በማርች አንድ ሌሊት ብዙ ድንኳን ይተከልበት ነበር። ዙሪያው ሜዳ ስለሆነ የመጣ ሁሉ ትንሽ ወጣ እያለ ይተክላል። ባዶው መሬት በየዓመቱ ሰፋ። መፍትሔ ሆኖ የተሰራው ይህ ካምፕ ነው። 30 ያህል የድንኳን መደቦች አሉት። መደቦቹ ሜዳ ላይ አይደሉም፤ ተዳፋት ላይ እንደ እርከን ተቆርጠው ነው የተሰሩት።

መጀመሪያ ለምን ዳገት ላይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። መደቡ ላይ ሲቆሙ ግን ግልጽ ይሆናል። ከላይ ዳገት፣ ከታች ቁልቁለት። ከመደቡ ውጪ ድንኳን ለመትከል የሚመች ስንዝር መሬት የለም። ሰው ልጠጋ፣ ላስፋ ቢል መሬቱ ራሱ ይከለክለዋል። ሜዳ ላይ በማስታወቂያ የማይቆመው መስፋፋት እዚህ ያለ ማስታወቂያ ቆመ። ከመደብ መደብ ርቀት ስላለ ደግሞ የጎረቤት ማንኮራፋት አይሰማም።

እዚያ መንገዱን እየተዘዋወረ የሚጠብቅ ሰው አገኘን። ሪጅራነር ይሏቸዋል። በመንገደኛ ወቅት ተራራው ላይ እያደሩ ሰውን ይመክራሉ፣ ቆሻሻ ያነሳሉ፣ የፈረሰ የእሳት ቦታ ያስተካክላሉ። እህቴ ካርታዋን ዘርግታ ጥያቄዋን አዥጎደጎደችው። ስለ ቀኑ ጠየቀችው። ማርች 1፣ የማርች አጋማሽና ኤፕሪል 1 ብዙ ሰው የሚመርጣቸው መነሻ ቀኖች ናቸው፣ ከእነርሱ ሽሺ አላት። ሙሉውን መንገድ የሚሄዱ ሰዎች የሚነሱበትን ቀን አስቀድመው በነፃ የሚያስመዘግቡበት አሰራር አለ። ማንም አይከለከልም፤ በየቀኑ ስንት ሰው እንደተመዘገበ አይቶ ቀለል ያለውን ቀን ለመምረጥ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ከዓርብና ቅዳሜ ይሻላሉ።

ቀጥሎ ስለ ወደፊቱ ነገራት። ከጃራርድ ጋፕ እስከ ኒል ጋፕ ባለው 8 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ብለድ ማውንቴን ያለበት ማለት ነው፣ በፀደይ ወራት የሚያድር ሰው ድብ የማይከፍተው ጠንካራ የምግብ ጣሳ መያዝ ግዴታው ነው። ጣሳው አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እህቴ ሁለት ነገር አሰበች፤ ጣሳውን ከመነሻው ጀምሮ መሸከም፣ ወይም ያችን 8 ኪሎ ሜትር ሳታድርባት በቀን ማለፍ። ሪጅራነሩ ጣሳውን እንድትይዝ ለመናት። ቅርንጫፍ ፍለጋው ይቀርልሻል፣ ሲመሽም አትጨነቂም አላት። ያን ሐሙስ ማታ ገመድ ስትወረውር ያየሁ እኔም ከርሱ ጋር ተስማማሁ።

ሌሊት ሄሊኮፕተር ቀሰቀሰን። በአቅራቢያው የጦር ሠራዊቱ የሬንጀር ማሰልጠኛ አለ፤ በዚህ ደን ውስጥ ይለማመዳሉ። ያልሰማ ሰው ሊደነግጥ ይችላልና አስቀድሞ ማወቁ ደግ ነው።

እሑድ፤ ሃይታወር ጋፕ

ጠዋት መደባችንን ጠርገን ተነሳን። አሮጌውን መጠለያ ለማየት ገባ አልን። ዙሪያውን ያለው ባዶ መሬት አሁንም ይታያል። ዳር ዳሩ ላይ ግን ሳርና ችግኝ እየተመለሰ ነው። እህቴ ተቀምጣ አየችው። «ትንሽ ሲተዉት ይመለሳል ማለት ነው» አለች።

ከዚያ ሃይታወር ጋፕ ሩቅ አይደለም። የደን መኪና መንገዶች የሚገናኙበት በር ነው። የሚወስደን መኪና እስኪመጣ ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን ካርታውን ዘረጋን። የእርሳሱ ምልክት በዝቷል። እህቴ የወሰነችው ይህን ነው። ማክሰኞ ትነሳለች፤ በማርች የመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ፣ ቀኑን መዝገቡን አይታ ትመርጣለች። የመጀመሪያው ሌሊት ብላክ ጋፕ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ደርሳ ከተሞላ ውሃ ይዛ ትንሽ ወደ ኋላ ትመለሳለች እንጂ ስፕሪንገር አታድርም። ሁለተኛው ስቶቨር ክሪክን አለፍ ብሎ፣ እኛ ባደርንበት አካባቢ። ሦስተኛው ሃውክ ማውንቴን፣ ከታች ካሉት መደቦች አንዱ፣ ከመንገዱ ራቅ የሚለው። የምግብ ጣሳውን ከመጀመሪያው ቀን ትይዛለች።

እኔ ብላክ ጋፕን ትታ ፍሮስቲ ላይ እንድታድር ብመክራትም አልሰማችኝም። የመጀመሪያ ቀን ላይ ለሌሊት የሚሆን ውሃ ተሸክማ ያን ደረጃ መውጣት አትፈልግም። ትክክል ናት ብዬ አላምንም፤ ሸክሙ ግን የሚያርፈው በእርሷ ትከሻ ላይ ነው።

ከሃይታወር ጋፕ ወዲያ ያለው፣ ሳሳፍራስ ማውንቴን፣ ጀስተስ ክሪክ፣ ጉች ማውንቴን መጠለያ፣ ገና አልታየም። ካርታው ላይ እዚያ ድረስ ያለው ወረቀት ንጹህ ነው። በኦክቶበር ቅጠሉ ሳይረግፍ መጥተን እናየዋለን ተባብለናል።